ጨፌ ሰርዶን የመረቀ ሰው

ስለ ከተማችን ታሪክ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ቀጥ ብሎ ባሌ ዲንሳ ጋ ነው የሚሄደው። እሱም ካፖርቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ጨብጦ፣ ደጃፋችን ላይ ካለው አግዳሚ ጉብ ይልና «እንግዲህ ጨፌ ሰርዶ ማለት…» ብሎ ይጀምራል። እኔን የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ማሳ ውስጥ ነኝ፣ እጄ ጭቃ ነው፤ ታሪክ በጭቃ እጅ አይነገርም መሰለኝ። ዛሬ ግን የምናገረው እኔ ጊፍቲ ነኝ። የባሌን የዲንሳንም የከተማዋንም አንድ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማውራት አይቻልም፣ ሁለቱንም ያሳደጋቸው ወሬ ነው።

ካራን አልፋችሁ ወደ ተራራው ስትታጠፉ፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ያለችው እሷ ናት ጨፌ ሰርዶ። ጨፌ በእኛ በኦሮሞዎቹ አነጋገር ውኃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ ድሮ እዚህ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ገብስና ባቄላ የሚዘሩ ጥቂት ቤቶች ነበሩ፣ ከላይ ዛፉ፣ ከታች መስኩ። ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ወይራ ሥር እህል ይሸጥ ነበር። ገበያተኛው ሲመሽበት የሚያርፍባት ጠላ ቤት ተከፈተች፤ ቀጥሎ ጨው ቸርቻሪ መጣ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊ መጣ። ከተማ ማለት ይኸው ነው፣ ጠላ፣ ጨውና መርፌ። ዲንሳ ሲያወራው ግን አያቱ ከፈረስ ወርደው፣ ጦራቸውን መሬት ላይ ተክለው «እዚህ ከተማ ይሁን!» ያሉ ያስመስለዋል። አያቱን እናቴ ታውቃቸዋለች። ፈረስ አልነበራቸውም።

ሳገባው ሸጋ ነበር፤ ይህን አልክድም። ቁመት አለው፣ ጢም አለው፣ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። የጎደለው ሥራ ብቻ ነበር። ሲያርስ ትልሙ እባብ የሄደበት ይመስላል፤ በሬዎቹ ራሳቸው ያፍሩበት ነበር ብል አላጋነንኩም። ልጆቼን ያሳደገችልኝ ጨፌው ዳር ያለች፣ ከእናቴ የወረስኳት ማሳ ናት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ድንች አበቅልባታለሁ። ምንጩን በቦይ አወርድላታለሁ፣ እሷም በጋ ከክረምት ታበላኛለች። ያመረትኩትን አጥቤ፣ አስሬ፣ ካራ አውርጄ ለቸርቻሪዎች አስረክባለሁ። ካራ ስደርስ «የጊፍቲ ጎመን መጣ» ይላሉ። ሰው የምባለው እዚያ ነው፤ ቤት ስመለስ የኦቦ ዲንሳ ሚስት ነኝ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ሳይመርቅ ሠርግ አይወጣም፣ እርቅ አይጸናም፣ አዲስ ቤት አይገባም። እሱ ይመርቃል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ በቃ ነገሩ ተዘጋ። ሽማግሌ መርቆት አሜን ያሉበትን ነገር ከርሞ «አልወደድኩትም» ማለት ነውር ነው፤ ሽማግሌውን ማዋረድ ነው። ስለዚህ ምርቃት ቀልድ አይደለም። ድሮ የሚመርቁት ኦቦ ዱሬሳ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ከዋዜማው በፊት ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ቁጭ አድርገው ይጠይቃሉ። የመሬት ነገር ከሆነ መሬቱን በእግራቸው ይዞሩታል። ካልጣማቸው «ወገቤን አሞኛል» ብለው ይቀራሉ፣ ያኔ ሁሉም ይገባዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በጓሮ በር ነው፤ ሕዝብ የሚያየው ሲቆሙና ሳሩን ሲያነሡ ብቻ ነው።

ዲንሳም ያየው ሳሩን ነው።

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ሲተክል ኦቦ ዱሬሳን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘጋባቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕዝቡን በዓይኑ ቃኘና «አንተ ጢማም፣ ድምፅ አለህ፤ ና መርቅ» አለው ባሌን። ወጣ። ሳሩን አነሣ። «ድንጋይህ አይሰበር፣ ዱቄትህ አይጉደል!» ብሎ ሲያንባርቅ ሕዝቡ አሜን አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። የዚያን ቀን ቤት ሲገባ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። ወፍጮው ክረምቱ ሳይገባ ተሰበረ፤ ያንን ግን ማን አስታወሰ? ድምፁ ተወደደ፣ አለቀ። ኦቦ ዱሬሳ ካረፉ በኋላ ማንም ሳይሾመው ሽማግሌ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ከተማዋ ያደገችው እሱ እየመረቃት ነው፣ እንዳይሆን ሆና ያደገችውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የጠጠር መንገድ ገባ፣ መረቀ። መብራት ገባ፣ መረቀ፤ ሲመርቅ መብራት ሄደ። ድልድዩን «እንደ ተራራው ጽና» አለው፤ ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው ተራራው እዚያው ቆሞ አየ። ከሁሉም ከሁሉም የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ! ወገኖቼ፣ ይኼን ስናገር እስካሁን ፊቴ ይቀላል። እሱ የሚያውቀው የጎተራ ምርቃት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ፊት ቆመና፣ ካሜራውን አየና፣ ደረቱን ነፍቶ «ይሙላ! ይትረፍረፍ!» አለ። ሕዝቡም፣ ሕዝቡ ደግሞ ከሱ አይሻልም፣ አሜን አለ። ከምርቃቱ ሁሉ የደረሰለት ያ ብቻ ነው፤ ነሐሴ ላይ ሞልቶ ተትረፍርፎ ሰፈሩን አስለቀቀን።

ከዚያ የደላላ ዘመን መጣ። ከገበሬው ደላላው በዛ። ትናንት ሞፈር የተሸከመው ዛሬ ሁለት ስልክ ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል። ባቄላ የበቀለበት ላይ ፎቅ በቀለ፤ ከፎቁ ሥር ካፌ፣ ከካፌው ጎን ሌላ ካፌ፣ ደግሞ ስሙን «ላውንጅ» ያለ ሌላ ካፌ። ወይራዋን ቆረጧትና በምትኳ የፕላስቲክ ዘንባባ ተከሉ፣ ማታ ማታ አረንጓዴ ይበራል። ቅዳሜና እሑድ ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚሄደው ወጣት መኪናውን እኔ ማሳ ዳር ያቆምና «ዋው፣ ናቹራል!» እያለ ጎመኔ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ይነሣል። አንዷን «ልጄ፣ የረገጥሽው ቆስጣ ነው» ብላት «ሶሪ ማዘር» ብላኝ ሌላ መደብ ረገጠች። ይኼ ነው ዕድገት። ዲንሳ ሁሉንም መርቋል፤ የፕላስቲኩን ዘንባባም ጭምር «ሥርህ ይጥለቅ» ብሎታል።

እኔም እስከዚህ ድረስ ስቄ አልፈዋለሁ። ይንበልበል ግዴለም፣ ማሳዬ ላይ አልመጣብኝም እል ነበር። እኔ የምጠላው ሲዋረድ ማየት ነበር። በየሄደበት ቆብ ይደፉለታል፣ ጋቢ ያለብሱታል፣ «አባታችን» ይሉታል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደግሞ መኪናቸውን አስነሥተው እሱን አቧራ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። እሱ ግን በእግሩ እየተጎተተ መጥቶ «ዛሬ ከኔ ሌላ የተናገረ ሰው የለም ማለት ይቻላል» ይለኛል። ምስኪን! እላለሁ በሆዴ። ምስኪን የሚለው ቃል ለሱ የሚበዛበት ጊዜም ነበር፤ ሞኝ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገር የመጣው ባለፈው ኅዳር ነው። ነጭ መኪኖች ተደርድረው መጡ። መዝናኛና ሎጅ ሊሠራ ነው፣ የመሠረት ድንጋይ ሊቀመጥ ነው ተባለ። ድንጋዩን ያስቀመጡት ከጨፌው በላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ምንም የማይበቅልበት ጭንጫ ላይ ነው። ለምን እዚያ ትላላችሁ? መኪናቸው ጭቃ እንዳይነካው ነዋ! ዲንሳ ጭንጫውን አየ፣ «በዚህ ድንጋይ ላይ ምን ይሠሩ ይሁን» ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ካፖርቱን ለብሶ ሄደ፣ ሳሩን አነሣ፣ መረቀ፣ ጋቢውን ለብሶ ተመለሰ። እኔ ማሳ ውስጥ ድንች እየኮተኮትኩ ስለነበር ድምፁን ከሩቅ ነው የሰማሁት።

የገና በዓል ሲያልፍ፣ ጎመን ልቆርጥ ስወርድ መደቤ ጫፍ ላይ ያሉት ድንጋዮች ቀይ ቀለም ተቀብተው አገኘኋቸው። ከታቼ ያለችው የዲንቄ ማሳም ተቀብታለች። ዲንቄ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት፤ ከዚያች መሬት ሌላ ምንም የላትም። እሷም ቆማ ቀለሙን በጣቷ ትነካካለች። «ጊፍቲ፣ ምንድን ነው ይኼ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ነጠላችንን አጣፍተን ቀጥታ የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድን።

እዚያ ያገኘነው በላይነህ የሚባል ወጣት ኃላፊ ነው። ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጠን። የባሰ ሰው ትሑቱ ነው፤ የሚቆጣህን ትቆጣዋለህ፣ ትሑቱን ምን ታደርገዋለህ?

«እማማ» አለኝ፣ «የሎጁ ይዞታ እኮ ጨፌውን በሙሉ ያጠቃልላል። ጭንጫው የመኪና ማቆሚያ ነው። ማሳዎቹ ደግሞ የሰው ሠራሽ ሐይቅ ይሆናሉ።»

«ማን ጠይቆን?» አልኩት።

«ኅብረተሰቡ በሽማግሌው አማካይነት ተስማምቷል ብለን ነው የያዝነው። ባለቤትዎ መርቀው ከፍተውታል እኮ። ቪዲዮ አለ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ባሌ ነው። ደረቱ ተነፍቷል፣ ጢሙ ተበጥሯል። «ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ምንጭ ድረስ፣ ዓይኔ እስካየው ድረስ ይልማ! ይለምልም! ለእንግዳም ለባለአገርም ይብቃ!» ይላል። ሲል ደግሞ ሳር የያዘውን እጁን ከጭንጫው አንሥቶ እስከ ጨፌው ማዶ ድረስ በሰፊው ይዘረጋዋል። ሕዝቡ አሜን ይላል። ከተዘረጋው እጁ ጫፍ ላይ፣ በሩቁ፣ አንዲት ጎንበስ ያለች ሴት ትታያለች። እኔ ነኝ። ባሌ በገዛ እጁ እኔን ከነማሳዬ ጠቁሞ ሲሰጥ፣ እኔ ድንች ስኮተኩት፣ እዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ አየሁት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። የእኛው ቤት ግን ተገለባበጠ፤ ያልጠረጠረው እሱ፣ የተመነጠርኩት እኔ።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እሱ አግዳሚው ላይ ነው፣ ፀሐይ ይሞቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ኅዳር ላይ ምንድን ነው የመረቅከው?»

«ልማት ነዋ።»

«የቱን ልማት?»

«ልማት ነው አልኩሽ! ልማት ደግሞ የቱ አለው?»

«ቦታው የት ድረስ እንደሆነ ጠይቀሃል?»

«ሽማግሌ እንደ ደላላ ቦታው ከየት እስከየት ነው ይላል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ማሳዬን ነው የመረቅክላቸው! የእናቴን ማሳ!» ስለው ከአግዳሚው ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። አላዘንኩለትም። ስላላዘንኩለትም አይቆጨኝም፤ የእናቴ ዕንባና ላብ ያለበትን አፈር እሱ ለጭብጨባ ሰጥቶታል። በእጄ የያዝኩትን ጎመን ፊቱ ላይ ወርውሬ ገባሁ።

በማግስቱ የማሳ ባለቤቶች ሁሉ ቤታችን ተሰበሰቡ። እንቃወም ተባለ። ግን በምን አፍ? ሽማግሌያችን መርቆታል፣ ግማሾቹም እዚያው ቆመው አሜን ብለዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በእኛ ወግ መንገዱ አንድ ነው፤ የመረቀው ሰው ራሱ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ሳላውቅ ነው» ካለ ምርቃቱ ይነሣል። ሌላ ማንም ሊያነሣለት አይችልም። ይህንኑ ለበላይነህ ነገርነው። እሱም በትሕትናው «መልካም፣ በሚቀጥለው ሳምንት የውይይት መድረክ አለ። አባታችን ቀርበው ቅሬታቸውን ይግለጹ፤ ሐሳቡን ለበላይ አካል እናቀርባለን» አለን። ዲንቄ ከደስታዋ ብዛት እጁን ሳመችው።

አሁን የቀረው ዲንሳ ነው። አንዲት ቃል ማለት ነው የሚጠበቅበት፣ «አልጠየቅኩም»። ለሌላ ሰው ይኼ ቀላል ነገር ነው። ለሱ ግን ጢምህን ላጭ ከመባል ይከብዳል። መጀመሪያ «ሽማግሌ ቃሉን አይበላም» አለ። ቀጥሎ «ቪዲዮው የተቀነባበረ ቢሆንስ» አለ። ከዚያ ጉልበቱን አመመው፣ ከዚያ ወገቡን፤ የኦቦ ዱሬሳን ዘዴ የተማረው ያለቦታው ነው። ዲንቄ መጥታ እግሩ ሥር ተንበርክካ «ኦቦ ዲንሳ፣ እኔ ሌላ እንጀራ የለኝም፤ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ስትለው እንኳ ጣሪያውን እያየ «እግዚአብሔር ያውቃል» አላት። እግዚአብሔርማ ያውቃል! ያላወቀው እሱ ነው።

የስብሰባው ዋዜማ ራት አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «እስከዛሬ አላፊ አግዳሚው እንዲስቅብህ ስትቆም ዝም ብዬሃለሁ። ነገ ቆመህ አንዲት ቃል ታወጣለህ፤ አልጠየቅኩም። ሌላ አትጨምር፣ አታሳምር። ካላልክ ግን ማሳዬ በሄደች ቀን እኔም ልጃችን ጋ እሄዳለሁ። እዚህ ቁጭ ብለህ ግድግዳውን መርቅ።»

«ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

«እስከዛሬስ ምን የሚልህ መስሎህ ነው?» አልኩት። ይኼ ክፉ አነጋገር ነው፤ አውቃለሁ። ራቱን ሳይበላ ተነሣ።

በማግስቱ ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ መድረኩ ላይ የታሸገ ውኃና አበባ አለ። በላይነህና ሁለት አለቆቹ ከፊት ተቀምጠዋል። እኛ የማሳ ባለቤቶች ከኋላ ነን። ዲንሳ ካፖርቱን ለብሶ መጥቷል፤ ይናገር አይናገር አላውቅም፣ ጠዋት ቃል አልተለዋወጥንም።

የመድረክ መሪው ማይኩን ያዘና «እንደተለመደው አባታችን ስብሰባውን በምርቃት ይከፍቱልናል» አለ! ወይ ጉድ! ቅሬታ ሊያሰማ የመጣን ሰው መርቅ ይሉታል። አንዲት ልጅ ሮጣ እርጥብ ሳር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ሳሩ እጁ ሲገባ ምን ሆነ መሰላችሁ? ወገቡ ቀና አለ። ጢሙን ዳበሰ። አየሁት፣ ያ የማውቀው ደረት መነፋት ጀመረ። አበቃልኝ አልኩ።

«ሰላም ይስጠን!» አለ።

ማንም አሜን አላለም።

እሱ ጆሮው ያልሰማ መስሎት ከፍ አድርጎ «ፍቅር ይስጠን!» አለ። ድንኳኑ ዝም። ተነጋግረን አልነበረም፤ እውነቴን ነው። አሜን የምንለው በልማድ ነበር፣ ያን ቀን ልማዱ ከጉሮሯችን አልወጣ አለ። ዲንቄ ከንፈሯን ነክሳለች። አለቆቹ ብቻ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ። ዲንሳ ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ዓይኑ ሕዝቡን ዞረና እኔ ላይ ቆመ። እኔም ዓይኔን አላሸሽኩም፣ ትኩር ብዬ አየሁት።

«እኔ…» አለ፣ ያለ ማይክ፣ በቤት ድምፁ። «እኔ የዚያን ቀን አልጠየቅኩም። ቦታው እስከየት እንደሆነ አላወቅኩም። ጭንጫው ብቻ መስሎኝ ነው። መጠየቅ አፍሬ ነው። መሬቱ የሰው ነው፣ የሚስቴ ነው፣ የዲንቄ ነው፣ የነዚህ ሁሉ ነው። ሳላውቅ ነው የመረቅኩት። አንሥቼዋለሁ።»

ሳሩንም መሬት ላይ አስቀመጠው።

እሰይ! አልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት መሰለኝ። ዲንቄ እጄን ጨብጣ ታለቅሳለች። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ኮራሁበት፤ በዲንሳ ኮራሁ፤ ይኼን ቃል ከኔ የሚጠብቅ ካለ ይስማ። አበቃ፣ ማሳዬ ተመለሰች ብዬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

በላይነህ ፈገግ ብሎ ማይኩን ተቀበለ።

«አባታችን፣ በጣም እናመሰግናለን። ግን በፍጹም አይጨነቁ፣ በርስዎ ምክንያት የሆነ ነገር የለም» አለ። «ውሳኔው እኮ ያለቀው ድንጋዩ ከመቀመጡ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። ካርታውም ዲዛይኑም አልቆ ነበር። ምርቃቱ ለፕሮግራሙ ማድመቂያ ነው። መረቁም አልመረቁም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ቅር አይበልዎት፣ ሕሊናዎ ንጹሕ ነው።»

ይኼን ያለው ሊያጽናናው ነው። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

«ታዲያ ሽማግሌው ይቅረብ ያልከን ለምንድን ነው?» አለች ዲንቄ ከተቀመጠችበት።

«ቅሬታ ማዳመጥ አሠራራችን ነው እናቴ። ተመዝግቧል።»

ሁለት አለቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲንሳ እንደቆመ ነው፤ ተቀመጥ ያለው የለም፣ እሱም ቦታው የጠፋበት ይመስላል። እጁን አንዴ ኪሱ ከተተው፣ አንዴ አወጣው። አርባ ዓመት የናቅኩት ሰው ነው። ድምፁን ንቄያለሁ፣ ካፖርቱን ንቄያለሁ፣ ትልሙን ንቄያለሁ። ግን የኔ ንቀት ቢያንስ ምርቃቱ ይሠራል ከሚል ነው የመጣው፤ ለከንቱ ነገር የሚሰጠው ትልቅ ነገር በእጁ አለ ብዬ ነው የተናደድኩበት። እነዚህ ግን ሲጀመርም ምንም እንዳልያዘ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው ጋቢ ያለበሱት፣ እያወቁ ነው አባታችን ያሉት። ደሜ ፈላ። ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ።

«እንግዲያው ለምን ታስነሡታላችሁ?» አልኩ። «በየድንጋዩ ላይ፣ በየድልድዩ ላይ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አስነሣችሁት? ሙዚቃ አትከፍቱም ነበር? ሰው ነው እኮ! ባሌ ነው!»

በላይነህ ዝቅ ብሎ ወረቀቱን አገላበጠ። የመድረክ መሪው «እናታችንን እናመሰግናለን፣ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ እንለፍ» አለ። አንዲት ልጅ ለስላሳ ታድል ጀመር።

እኔና ዲንሳ ለስላሳውን ሳንጠብቅ ወጣን። አስፋልቱን ትተን በጨፌው በኩል ነው የወረድነው። ቀይ ቀለም የተቀቡት ድንጋዮች ጋ ስንደርስ ቆመ። መጀመሪያ ከታቼ ያለውን የዲንቄን መደብ አየ፣ ከዚያ የኔን። መሬቱን በእግሩ ሲዞረው ያየሁት ያኔ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ዞረው። ተመልሶ አጠገቤ ቆመ።

«ጊፍቲ» አለኝ፣ «ታዲያ እኔ እዚያ ቆሜ ምን ስሠራ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ስስለው የኖርኩት መልስ አለኝ፣ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዓይኑን አየሁት። ዋጥኩት።

«ካፖርትህን አውልቅና ማጭድ ይዘህ ና» አልኩት። «ማሽኑ ሳይረግጠው ጎመኑን እንቁረጠው።»

አውልቆ መጣ። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች ጀመርን። የደረሰውን ቆርጠን ስንጨርስ ቀና ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩለት። ያልደረሰውንም ቆረጥን።